ባትሪ ከመግዛት በፊት

ሹፌሩ ቁልፍ ያዞራል። ሞተሩ ጭጭ ይላል። እንደገና ያዞራል። አሁንም ጭጭ። መብራት ይሞክራል፤ አይበራም። ክላክስ ይጫናል፤ ድምፅ የለም። ከዚያ በሩን ከፍቶ ይወርድና፣ «ባትሪው ሞተ» ይላል። ተሳፋሪውም ተቀብሎ፣ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ የባትሪ ሐኪም ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው አልሞተም። በአሮጌ መኪና ላይ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ነው። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ላልቷል፣ ዝጓል፣ ወይም ተቆርጧል። ይህ ሳይታይ አዲስ ባትሪ ቢገዛ መኪናው ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይቆማል። አዲስ ባትሪ ደግሞ በግ ያሸጣል።

«እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መኪና ባይኖራችሁም ትሳፈራላችሁ። ገብሳችሁና ጤፋችሁ በመኪና ገበያ ይወጣል። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ትመጣና ከዚያ በኋላ ተስፋዋ ያ አሮጌ መኪና ነው። መኪናው ሲቆም አብራችሁ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ደግሞም ጣራው ላይ ወጥቶ ዕቃ የሚያስረው ረዳት የማን ልጅ ነው? የእናንተው ልጅ ነው። ነገ ሹፌር ይሆናል። ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፣ ወይም እሱ ያንብብላችሁ።

ውሃና ቦይ

መስኖ የምታውቁ ሰዎች ይህን ነገር ቶሎ ትረዱታላችሁ። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ማሳው ሊደርቅ ይችላል። ያን ጊዜ ወንዙን አትራገሙም። ቦዩን ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። ደለል የደፈነው ቦታ ይኖራል፤ የተናደ ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ ትቆፍራላችሁ፤ ውሃው ይመጣል።

የመኪናም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ነው። ባትሪው ወንዙ ነው። ሽቦው ቦዩ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ውሃ ማሳው ላይ ደርሶ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ግን ሄዶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻ ከሌለው መሄዱንም ይተዋል። የእጅ ባትሪን አስቡ። ከኋላ ያለውን ክዳን ብታላሉት መብራቱ ይጠፋል። ድንጋዩ አላለቀም፤ አምፖሉም አልተቃጠለም። መመለሻው ስለ ተቆረጠ ነው።

የመኪና ባትሪ ሁለት ራስ አለው። በአንዱ ላይ የመደመር ምልክት (+) ተጽፎበታል። ይህ ፖዘቲቭ ይባላል። በሌላው ላይ የመቀነስ ምልክት (-) አለ። ይህ ኔጋቲቭ ይባላል። ከፖዘቲቩ ራስ አንድ ወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር ነው። ሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ ወደ መብራት፣ ወደ ክላክስና ወደ ሌላው ሁሉ ይሄዳሉ።

ታዲያ መመለሻው የት ነው? መመለሻ ሽቦ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ከኔጋቲቩ ራስ የሚወጣው ገመድ በብሎን ከሞተሩ ወይም ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ጋራዥ ውስጥ ይህን «ማሳ» ይሉታል። የእርሻ ማሳ ማለታቸው አይደለም፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ያ ብሎን ከላላ ወይም ከዛገ መኪናው በሙሉ ይታመማል። ሰው ግን አያየውም፤ ምክንያቱም ከሥር ነው፣ ጭቃ ሸፍኖታል።

በእኔ ግምት ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ የሚያወጡት ከምንም በላይ በዚህ በማሳ ገመድ የተነሳ ነው። አንዱ ባትሪ ይለውጣል፤ ሌላው ሞተሪኖ ያስፈታል። በሽታው ግን አንድ የዛገ ብሎን ነው።

መብራቱን ጠይቁት

መኪና አፍ የለውም፤ መብራቱ ግን ይናገራል። እንዲህ አድርጉ። አንድ ሰው ከመኪናው ፊት ይቁም፤ ግን ገለል ብሎ በጎን በኩል ይሁን። ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የፊት መብራቱን አብሩ። ከዚያ ቁልፉን አዙራችሁ ለማስነሳት ሞክሩ። ውጭ ያለው ሰው መብራቱን ይይ።

መብራቱ ገና ከመጀመሪያው ፍዝዝ ብሎ ከበራ፣ ሞተሪኖውም እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ፣ ባትሪው ጉልበት አንሶታል። ግን ገና አልሞተም። ለምን እንዳነሰው በኋላ እናያለን።

መብራቱ ደምቆ በርቶ ሳለ፣ ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ ድርግም ካለ፣ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል ወይም ዝጓል ማለት ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ራሶች እዩ። ቀጥሎ ማሳውን እዩ።

መብራቱ ደምቆ ከቀረ፣ ቁልፍ ስታዞሩም ምንም ካልፈዘዘ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም። ባትሪው ደህና ነው። ጉዳዩ ቁልፉ የሚዞርበት ቤት፣ ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት እየበራች ሞተሪኖው ለምን እምቢ ይላል? ሁለቱም ከአንድ ባትሪ አይደል የሚጠጡት?

መልሱ ቀላል ነው። ትንሿ አምፖል 10 ዋት ብትሆን ከ1 አምፔር ያነሰ ነው የምትወስደው። አምፔር የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ የናፍታ ሞተር ከሆነ ከዚያም በጣም ይበልጣል። ደለል የሞላው ቦይ ለአንዲት የጎመን መደብ የሚበቃ ውሃ ያሳልፋል። ሙሉ እርሻ ግን አያጠጣም። የዛገ መጋጠሚያም ለትንሿ አምፖል ይበቃል፤ ለሞተሪኖው ግን አይበቃም። ስለዚህ «መብራት አለ፤ ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው» ማለት ስሕተት ነው።

አንድ ጠዋት በደባርቅ

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቦታው ደባርቅ ነው እንበል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ደግሞ ለባትሪ ጠላት ነው። በብርድ ጊዜ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል። የሞተሩም ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሪኖው ለማዞር ይከብደዋል። ደካማ ባትሪ ያለው መኪና ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት እምቢ የሚለው በዚህ ነው።

አንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ሰው ጭኗል። ወደ ሊማሊሞ ወርዶ ዛሪማ ሊሄድ ነው። ሹፌሩ ቁልፍ ያዞራል። «ጠቅ» ይላል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

«ጋሼ፣ ሰው ጠርቼ እናስገፋው?» ይላል ረዳቱ።

«ቆይ። መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈት።»

ረዳቱ ኮፈኑን ይከፍታል። የፖዘቲቩ ራስ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ነጭና አረንጓዴ ነገር በቅሏል።

«ማሰሪያውን ያዝና ነቅነቅ አድርገው። ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል ጋሼ። እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።»

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ አንደርስም ማለት ነው?» ይላሉ።

«እንደርሳለን እማማ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይታገሡን።»

ግማሽ ሰዓቱ ይበቃል። ሹፌሩ ያደረገውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም።

በመጀመሪያ ሞተሩም መብራቱም ሁሉም ነገር ይጠፋል። ከእጅ ላይ ቀለበትና የብረት ሰዓት ይወልቃል። ከዚያ የኔጋቲቩ ማሰሪያ መጀመሪያ ይፈታል። ለምን? ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ አምልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ኔጋቲቩ ገና የታሰረ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በቁልፉ በኩል ባንድ ጊዜ ይዘልቃል። እሳት ይረጫል። ቁልፉ ይግላል፤ እጅ ያቃጥላል። ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መመለሻ የለውም። ቁልፉ ብረት ቢነካም ምንም አይሆንም። ሲታሰር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ፣ ኔጋቲቩ በመጨረሻ።

ቀጥሎ ማሰሪያዎቹና የባትሪው ራሶች በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ። ቢካርቦኔት የሚባለው ነጭ ዱቄት ከተገኘ ትንሽ በውሃው ውስጥ ይጨመራል። አረፋ ሲያወጣ ታያላችሁ፤ አሲዱን እየበላው ነው። ውሃው ግን በባትሪው ክዳን በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የማሰሪያው ውስጥና የባትሪው ራስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። የብረቱ ቀለም ፍንትው ብሎ መታየት አለበት። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ በእጅ ሲነቃነቅ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። በመጨረሻ ከላይ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ይቀባል፤ እርጥበት እንዳይገባበት።

ሹፌሩ ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

ባይነሳስ ኖሮ? ማሳው ይፈተሽ ነበር። ለዚህም አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ባትሪ ለባትሪ ማገናኛ ወፍራም ገመድ በብዙ መኪና ውስጥ አለ። የገመዱን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያዙት። ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያዙት። ከዚያ አስነሱ። ሞተሪኖው በደንብ ከዞረ በሽታው ተገኘ፤ የማሳው ገመድ ወይም ብሎኑ ነው። ብሎኑ ይፈታል፣ ዝገቱና ቀለሙ ይፋቃል፣ እንደገና ጠብቆ ይታሰራል። ወጪው ላብ ብቻ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ደጋግማችሁ ለማስነሳት ከሞከራችሁ በኋላ ቁልፉን አጥፉና መጋጠሚያዎቹን በእጃችሁ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። የሞቀው መጋጠሚያ እሱ ነው ሌባው።

በመንገድ ላይ ሲጨልም

ከላይ የተባለው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ከዚህ የከፋው ግን መኪናው እየሄደ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። መንገዱን ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠሩት ነው። እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። እዚያ ላይ ማታ የፊት መብራት ድንገት ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

ያን ጊዜ መጀመሪያ ፍሬን ነው። አሮጌ መኪና ላይ ፍሬኑ በእግር ጉልበት ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ይይዛል። ሞተሩ ከጠፋ ግን ፔዳሉ ሊጠነክር ይችላል፤ አጥብቆ መርገጥ ነው። ማርሹን ባዶ ላይ አታድርጉ። ቁልፉንም እየሄዳችሁ አትንቀሉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። መኪናው ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፣ ሰው ከመንገዱ ይውረድ። ምርመራው ከዚህ በኋላ ነው።

የቤንዚን መኪና ኤሌክትሪክ ከሌለው ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው ብልጭታ ኤሌክትሪክ ነውና። የናፍታ ሞተር ግን ያለ ብልጭታ ይሠራል። ሆኖም በብዙ የናፍታ ሞተር ላይ ናፍታውን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ መክፈቻ አለ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይህ ይዘጋል፤ ሞተሩም ይቆማል።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ከጠፋ የትንንሾቹን ፊውዞች ሣጥን ለመበርበር አትቸኩሉ። አንድ ትንሽ ፊውዝ መኪናውን በሙሉ አያጨልምም። የባትሪውን ራሶች እዩ። እነሱ ደህና ከሆኑ በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ከፖዘቲቩ ራስ አጠገብ አንድ አጭር ልዩ ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ የፊውዞች ሁሉ አባት ነው። ከባድ ችግር ሲመጣ ሌላው ገመድ እንዳይቃጠል እሱ ቀድሞ ይቀልጣል። ሽፋኑ ላይ ሲታይ ደህና መስሎ ውስጡ ግን የቀለጠ ሊሆን ይችላል። በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ሳብ ብታደርጉት እንደ ላስቲክ ከተሳበ ውስጡ ተበጥሷል።

የፊት መብራቱ እየበራ፣ ከመሪው ፊት ያሉት ትንንሽ መብራቶች በሙሉ ከጠፉ ደግሞ ቁልፉ የሚዞርበትን ቤት ጠርጥሩ። በብዙ አሮጌ መኪና የፊት መብራቱ በቁልፉ ቤት በኩል አያልፍም። ቁልፉን ትንሽ ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የቁልፉ ቤት ውስጡ አልቋል።

አንድ ነገር ብቻ ከጠፋ፣ ለምሳሌ ክላክስ ወይም የኋላ መብራት፣ ያን ጊዜ ፊውዙን እዩ። ፊውዝ ማለት በቀጭን ሽቦ የተሠራ ዘበኛ ነው። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ሽቦው ይቀልጣል፤ መንገዱን ይዘጋል። በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ የመስታወት ቀሰም ሆኖ ይገኛል። መጠኑ 10፣ 15፣ ወይም 20 ተብሎ ተጽፎበታል።

እዚህ ላይ የማልወደው ልማድ አለ። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልለው ይከቱበታል፤ ወይም ሽቦ ያስሩበታል። «መብራቱ በራ አይደል?» ይላሉ። አዎን፣ በራ። ዘበኛው ግን ተባሯል። ሌላ ጊዜ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ የሚቀልጥ ነገር የለም፤ ገመዱ ራሱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይነዳል። ከጀርባው ሰው አለ፤ ሥሩ ቤንዚን አለ። 15 የተቃጠለበት ቦታ 15 ይግባ። ደግሞ ከተቃጠለ፣ ሽቦው የተላጠበት ቦታ አለና እሱ ይፈለግ። ሽቦው በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበትንና በር ሲከፈት የሚታጠፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ።

ባትሪውን ማን ይሞላዋል?

ባትሪ ጎተራ ነው። ካልሞሉት ያልቃል። የሚሞላው ዲናሞ ይባላል። ሞተሩ ሲዞር በቺንጋ አማካይነት ዲናሞው ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ቺንጋው ከላላ ዲናሞው ይንሸራተታል፤ ባትሪው አይሞላም። መኪናው ግን ባትሪው ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ይሄዳል። መጀመሪያ መብራቱ ይፈዝዛል። ከዚያ ክላክሱ ድምፁ ይሰልላል። ከዚያ ይቆማል። ይህ ድንገተኛ ሞት አይደለም፤ እንደ ረኃብ ነው።

ሞተሩን አጥፉና ቺንጋውን በሁለቱ መዘውሮች መካከል በአውራ ጣት ተጫኑት። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከገባ ደህና ነው። እጅ ሙሉ ከገባ ላልቷል። የተሰነጠቀና ያብረቀረቀ ቺንጋ ይለወጥ።

ከመሪው ፊት የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት አለች። ቁልፍ ሲዞር ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ሞተሩ ተነስቶም ከበራች ዲናሞው አልሠራም። ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ ካልበራችስ? ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ይህም መጥፎ ነው። አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል። በብዙ መኪና ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ላይነሳ ይችላል። በሳንቲም የምትገዛ ነገር ትልቁን ዲናሞ ታስፈታለች ማለት ነው።

ቴስተር ያለው ሰው ከተገኘ ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ ከቻላችሁ ወዲህ ቁጥሩን ሌላ ሰው እንዲነግራችሁ አትጠብቁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው አድሮ፣ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ካሳየ በግማሽ ነው። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሊያልቅ ደርሷል። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ሞተሩ ተነስቶም ቁጥሩ ካልጨመረ ዲናሞው አይሠራም። ከ15 በላይ ከሆነ ከልክ በላይ እየሞላ ነው፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ ውሃውን ይጨርሰዋል። በቆላ አገር ሙቀቱም ተጨምሮ ውሃው ቶሎ ያልቃል። እንደ ፊያት ኤንትሬ ያሉ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ግን 24 ቮልት ናቸው፤ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላል። ይህን አታድርጉ። ደህናውን ዲናሞ ያቃጥለዋል።

ሌሊት የሚሰርቀውስ?

ዲናሞው ደህና፣ መጋጠሚያው ንጹሕ፣ ባትሪው ግን በየጠዋቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌሊት አንድ ነገር እየጠጣው ነው። የሚያዘው እንዲህ ነው። ሁሉን ነገር አጥፉ፤ በሮቹን ዝጉ። የኔጋቲቩን ማሰሪያ ፍቱ። በባትሪው ራስና በተፈታው ማሰሪያ መካከል ባለ ሁለት ሽቦ የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል አገናኙ። አሮጌ መኪና ላይ አምፖሉ መብራት የለበትም። ከበራ ሌባ አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ መልሱ። አምፖሉ የጠፋበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን ቤት ይነግራችኋል። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለውም መብራቱ ካልጠፋ፣ ሌባው ዲናሞው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ለባለሙያ ስጡት።

እሳትና አሲድ

ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፤ ሽታም የለውም። ማታ ላይ የባትሪውን ውሃ ለማየት ክብሪት የሚጭሩ፣ ኩራዝ የሚያስጠጉ አሉ። ባትሪው እንደ ቦምብ ይፈነዳል፤ አሲዱ ዓይን ውስጥ ይገባል። የእጅ ባትሪ ከሌለ ጠዋትን ጠብቁ። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ሳትቆዩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በዚሁ ምክንያት ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ስትበደሩ ቅደም ተከተል ይኑራችሁ። ሁለቱም መኪናዎች 12 ቮልት ይሁኑ፤ ከ24 አትበደሩ። ቀዩ ገመድ ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ ይሄዳል። ጥቁሩ መጀመሪያ በደህናው ኔጋቲቭ ላይ ይታሰራል። የመጨረሻው ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ አይታሰርም፤ ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ሲገናኝ ብልጭታ ይኖራልና፣ ብልጭታው ከጋዙ ይራቅ።

ባትሪው በእውነት የሚያልቅበት ቀንም ይመጣል። መጋጠሚያው ጸድቶ፣ ዲናሞው እየሞላ፣ ሙሉ ቀን ተሞልቶ አድሮ እንደገና 12 ቮልት እንኳ የማይዝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አዲስ ይገዛ። አሮጌውን ግን ቤት ውስጥ ሰብራችሁ እርሳሱን ለማውጣት አትሞክሩ። የባትሪ እርሳስ መርዝ ነው፤ አቧራው በተለይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። አሲዱንም ከብት በሚጠጣበት ወንዝ አታፍስሱት። ሳይሰበር እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌ ባትሪ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ከአዲሱም ዋጋ ላይ ሊቀነስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ነጋዴውን «ለአሮጌው ስንት ታስቡልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።